መኪናው ሲሞላ ይወጣል
ስለ ነገሌና ስለ ቆላ ከተሞቻችን ትራንስፖርት በማህበራችን የግማሽ ዓመት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ክፍላችን ዛሬ ስለ ቁጠባና ብድር እንዲናገር ነበር የተያዘው። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን እያነበብን ጊዜያችሁን አንወስድም። በምትኩ ሪፖርቱን ስናዘጋጅ በየገጹ እየተመላለሰ ስላስቸገረን አንድ ቃል እንነጋገር። ቃሉ «ትራንስፖርት» ነው። ወተት የምትሸጠዋ ብድሯን ለምን እንዳዘገየች ስትጠየቅ ትራንስፖርት ትላለች። ልብስ ከሞያሌ የምታመጣዋም እንዲሁ። የቁጠባ ቀን ስላለፋት ቅጣት የተጻፈባት እህት ምክንያቷን ስትናገር እንደገና ትራንስፖርት። እኛም መዝገብ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» እያልን ስንጽፈው ኖረናል። ልዩ ልዩ የሚባለው ግን ትንሽና የተበታተነ ወጪ ነው፤ ይህኛው ከዋና ወጪዎቻችን አንዱ ሆኗል።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደምትርቅ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ ሀዋሳና ሻሸመኔ ይወጣል። በዚያ አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው መኪና አይጠፋም፤ ችግሩ ዋጋና ድካም ነው። የእኛ አባላት ዋና ጉዞ ግን ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ጎንና ወደ ታች ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ነገሌ፣ ከነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ፣ በመልካ ጉባ ዳዋን ተሻግሮ ወደ ሜጋ፣ በዋጪሌና በአሬሮ ወደ ያቤሎ፣ ከዚያም ወደ ሞያሌ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ነገሌ ከቦረና፣ ከጉጂና ከባሌ ዞኖች በተውጣጡ ወረዳዎች የተቋቋመው የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ሆናለች። የአስተዳደሩ ክርክር የዛሬ ርዕሳችን አይደለም። ለእኛ የሚታየን፣ ትናንት ጉዳዩን ያቤሎ ይጨርስ የነበረ ሰው ዛሬ ወረቀቱን ይዞ ወደ ነገሌ መምጣት እንዳለበት ነው። ቢሮው ተዛውሯል፤ መኪናውን ግን በዚያ መስመር በሰዓቱ እንዲመላለስ ያዘዘው የለም።

አሁን ወደ መናኸሪያው እንግባ። በደርግ ጊዜ የሕዝብ መኪና በመንግሥት ስምሪት ሥር ነበር። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ዘርፉ ለግል ባለንብረት ተከፈተ፤ መኪኖቹ በማህበር ተደራጁ፣ የሰው ታሪፍ ግን መንግሥት የሚያወጣው ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ደንብ ቀላል ነው። ተራ የያዘው መኪና ይቆማል፣ ሲሞላ ይወጣል። የሰዓት ሰሌዳ የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የመጣችው እናት መቼ እንደምትሄድ የሚወስነው ከእሷ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው።

ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ የምንቆጣው ሾፌሩን ወይም ረዳቱን ነው። ቁጣው ባይከፋም ሒሳቡን ብናየው ይሻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ ያወጣናቸው ናቸው፤ የየመስመሩ ትክክለኛ ታሪፍ መናኸሪያው ላይ ተለጥፏል። እንበልና አንድ 25 ሰው የሚጭን ቅጥቅጥ ደርሶ መልስ ለነዳጅ፣ ለጎማ፣ ለሾፌር፣ ለረዳትና ለሌላው ሁሉ 12,000 ብር ያወጣል። ታሪፉ በሰው 300 ብር ነው። ሞልቶ ቢሄድ 7,500 ብር ያገኛል። ሲመለስ 10 ሰው ብቻ ቢያገኝ 3,000 ብር ነው። ድምሩ 10,500፤ ባለንብረቱ በዚያ ቀን 1,500 ብር ከሰረ። ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ ከተመለሰ ግን 15,000 አግኝቶ 3,000 ይተርፈዋል። በገበያ ቀን አምስት መኪና ተሰልፎ የምናየውና በሌላ ቀን አንድም የምናጣው ለዚህ ነው። ሾፌሩ ቢለዋወጥ ይህ ሒሳብ አይለወጥም። ትርፍ ሰው የሚጫነውም ከዚሁ ነው፤ መመለሻው ባዶ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ኪሳራውን በመሄጃው ላይ ይሸፍናል፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ያስቀምጣል።

የሌላው ወገን ሒሳብ ደግሞ አለ፣ ይህኛውን ማንም ጽፎት አያውቅም። አንዲት እህት 20 ሊትር ወተት በጄሪካን ይዛ ጠዋት መንገድ ዳር ወጣች እንበል። በሰዓቱ ነገሌ ብትደርስ ሊትሩን በ60 ብር፣ ጠቅላላውን በ1,200 ብር ትሸጠዋለች። መኪናው እስኪሞላ አራት ሰዓት ሆኖ፣ ፀሐዩ ከሮ፣ ወተቱ ሲያዘነብል ዋጋው 40 ይሆናል። 800 ብር ይዛ ትመለሳለች። ታሪፉ 300 ብር ነው፣ መዘግየቱ ደግሞ 400 ብር ወሰደባት። መዝገባችን ላይ ግን የሚታየው 300ው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አባላት በየስብሰባው «ታሪፍ ይቀነስልን» ስትሉ እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ዝም የምንለው ሐሳቡን ንቀን አይደለም። ታሪፉ 50 ብር ቢቀንስ ወተት ሻጯ 50 ብር ታገኛለች፤ መኪናው በሰዓቱ ቢወጣ 400 ብር ታገኛለች። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው።

የዕቃው ክፍያ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሰው ታሪፍ ተለጥፏል፤ የጄሪካን፣ የዶሮ፣ የቅቤ፣ የቆርቆሮ ታሪፍ ግን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ በቃል የሚናገረው ነው። ለባለ ትልቅ ነጋዴው አንድ ዋጋ፣ ለአዲስ ፊት ሌላ ዋጋ። ደረሰኝ የለም። ደጋፊዎቻችን በየዓመቱ «ይህ ወጪ ማስረጃው የት አለ?» ብለው ይጠይቁናል፣ መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ማስረጃው ወደ ፊልቱ ሄዷል።

ነዳጁንም ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማው ቀርቶ የታለመ ድጎማ ሲጀመር፣ ድጎማው ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች በቴሌብር በኩል እንዲሰጥ ተደረገ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የሚሠራው ማደያ ባለበትና ማደያው ነዳጅ ባለው ከተማ ነበር። ከማደያ ርቆ በጄሪካን የሚቀዳ መኪና ድጎማውን አያገኝም ነበር፣ በጥቁር ገበያ ዋጋ ይገዛል፣ ከዚያ በመንግሥት ታሪፍ ጫን ይባላል። ታሪፉ በወረቀት ላይ ይከበራል፣ ተሳፋሪዋ ሌላ ትከፍላለች።

ሌላው ከላይ ያሉ ሰዎች የሚረሱት ነገር ዝናባችን ነው። ደጋው ክረምትና በጋ ብሎ ያቅዳል። እኛ ዘንድ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ገና ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሃገያ አለ። መንገዱ በጎርፍ የሚቆረጠው በእነዚህ ወራት ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በመንገድ ለማገናኘት ብዙ ሠርቷል፣ እንመሰክራለን። የተሠራው መንገድ ግን ጥገና ይፈልጋል፤ ጥገናው በደጋው የዝናብ አቆጣጠር ከታቀደ ለእኛ ግሬደሩ የሚደርሰው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። በጥርና በየካቲት፣ ገና ሳይገባ መጠገን አለበት። ይህ ገንዘብ እንኳ አይጨምርም፤ የወር ለውጥ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ባቡር። ከአባላት መካከል በተለይ ወጣቶቹ «ባቡር ቢመጣልን» የምትሉትን ሰምተናል። የሰማችሁትም ከየት እንደሆነ እናውቃለን። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በኬንያ ላሙ ወደብ ላይ ሦስት አገሮች፣ ኬንያ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን፣ ታላቁን የላፕሴት ኮሪደር ሲያስጀምሩ ከላሙ በኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚመጣ የባቡር መስመር በዕቅዱ ውስጥ ነበር። በእኛም አገር ከሞጆ ተነስቶ በሀዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርድ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ተሥሏል። እስከ ዛሬ ግን ሐዲዱ አልተዘረጋም። ቢዘረጋ እንኳ መስመሩ ነገሌን አይነካም፤ በምዕራብ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ከዚህ እስከ ባቡሩ ጣቢያ በምን እንሄዳለን የሚል ይሆናል፣ እሱም ተመልሶ የቅጥቅጥ ጥያቄ ነው።

ይህን ስንል ባቡር አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። የድሮው የፈረንሳይ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋን የመሰለ ከተማ ፈጥሮ ነው የመጣው፤ ለዘመናት በየጣቢያው ፍራፍሬና ምግብ ሲሸጡ የኖሩትም ሴቶች ናቸው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ደግሞ ፈጣንና ዘመናዊ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ስለተሠሩ ተሳፋሪው ጣቢያ ለመድረስ ሌላ መኪና መክፈል አለበት፣ በየጣቢያው ትሸጥ የነበረችዋም ነጋዴ ባቡሩን ከሩቅ ነው የምታየው። ትልቅ ነገር ሲታቀድ ትንሿ ማገናኛ መስመር ካልታሰበች የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ቀን የሞያሌው ሐዲድ ሲጀመር ጣቢያው ገበያ አጠገብ እንዲሆን የሚጮህ ሰው ያስፈልጋል። ያን ጊዜ እንጮሃለን።

ባቡር ሳይመጣ ምን ሊለወጥ እንደሚችል ለማየት ከሞያሌ ማዶ መመልከት ይበቃል። ከሞያሌ በማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ሰው በከብትና በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ቀናት ይፈጅበት ነበር። አንዳንዶቻችሁ በዚያ ጣሪያ ላይ እንደተጓዛችሁ ነግራችሁናል። ዛሬ አውቶቡስ ማታ ተነስቶ በማግስቱ ናይሮቢ ይገባል። ኢሲዮሎ ላይ አኖሌይ የሚባል የሴቶች የግመል ወተት ኅብረት ሥራ ማህበር አለ። ሴቶቹ ወተቱን ይሰበስባሉ፣ ያቀዘቅዙታል፣ ከዚያ በሕዝብ አውቶቡስ ጭነው ናይሮቢ ኢስትሊ ገበያ ይልኩታል። የራሳቸው መኪና ስላላቸው አይደለም የተሳካላቸው። አውቶቡሱ በታወቀ ሰዓት ይወጣል፣ እነሱም በዚያ ሰዓት ወተቱን አዘጋጅተው ይጠብቁታል። በኬንያ ሌላም ትምህርት አለ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የማታቱ ባለቤቶች በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ወይም በኩባንያ ካልተደራጁ ፈቃድ አይሰጥም አለ። እንደ እኛ ያለ የቁጠባ ማህበር መኪና ሲያሰማራ ማለት ነው። ሁሉም ጥሩ ሆነ አንልም፣ ግን ቅሬታ ያላት ተሳፋሪ የምትሄድበት ቢሮ ተገኘ።

ይህን ስንሰማ ከመካከላችን «ታዲያ እኛም መኪና እንግዛ» ያላችሁ አላችሁ። ያለፈው ስብሰባ ላይ ጭብጨባ ያገኘው ሐሳብ እሱ ነበር፣ ስለዚህ መልሳችን እንደማይወደድ እናውቃለን። የሒሳብ ክፍሉ አይስማማም። መኪና ሲሄድ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ቆሞም ይበላል። ኢንሹራንስ አለው፣ ዓመታዊ ቦሎ አለው፣ ጎማ አለው፣ መለዋወጫው ከሀዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ እስኪመጣ ሾፌሩ ደመወዝ ይቀበላል። ዕድሜውም በየዓመቱ ይቀንሳል፤ በሒሳብ የእርጅና ቅናሽ የምንለው እሱን ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ለሸቀጥ፣ ለፍየል ማድለቢያ፣ ለትምህርት ቤት ወጪ የምትበደሩት ያው ተዘዋዋሪ ብር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ከብት አልቆ ብዙ ቤት በእናትየዋ ንግድ ላይ ብቻ ሲቀር፣ ያ ብር በእጃችን ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እሱን በአንድ መኪና አክሰል ላይ ማሰር አንደግፍም።

የምናቀርበው ሐሳብ ያነሰ ነው። ከላይ ያየነውን ሒሳብ አስታውሱ። ባለንብረቱ በመመለሻው 10 ሰው ሲያገኝ 1,500 ብር ይከስራል። 15 ሰው ቢያገኝ አይከስርም፣ አያተርፍም። ልዩነቱ አምስት ወንበር ነው። ማህበራችን ለአንድ መስመር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ መኪናው ሞላም አልሞላም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲነሳ ከአንድ የትራንስፖርት ማህበር ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። ሰው ከ15 በታች ከሆነ የጎደለውን ማህበራችን ይከፍላል፤ ቢበዛ ግን የአምስት ወንበር ብቻ። አባሏ ከተሳፈረች ራሷ ትከፍላለች፣ ማህበሩ ምንም አያወጣም። ማህበሩ የሚያወጣው ወንበሩ ባዶ ሲቀር ነው።

እጅግ ቢከፋ ስንት እናጣለን? በዚያው የማሳያ ታሪፍ አምስት ወንበር በ300 ብር 1,500 ነው። በሳምንት ሁለት ጉዞ፣ በወር ስምንት፣ 12,000 ብር። ለሦስት ወር ሙከራ 36,000 ብር። ይህ አንድም አባል ባትሳፈር ነው። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው ይህን ያህል ዋስትና በተለየ ሒሳብ እንዲያስቀምጡልን ነው፤ ካልተነካ ይመለሳል። መኪና እንዲገዙልን አንጠይቅም።

በውሉ ውስጥ ሌላም እንዲገባ እንፈልጋለን። የጄሪካንና የከረጢት ዋጋ በወረቀት ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይሰጥ። የፊት ሁለት ወንበሮች ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ይያዙ። መኪናው ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ ተሳፋሪ አያውርድ፤ በጨለማ ከኬላ ማዶ ወርዳ ሁለት ሰዓት በእግሯ የሄደች ልጅ ታሪኳን ራሷ በዚህ አዳራሽ ነግራችኋለች፣ እኛ አንደግመውም። መልእክትም ይያዝ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የፖስታ ቤቱ አውቶቡስ ሰውና ደብዳቤ አብሮ ጭኖ ወደ ተራራ መንደሮች ይወጣ ነበር፤ ሰው ብቻ ቢጭን በማያዋጣው መንገድ ላይ ፖስታው ጉዞውን ይደግፈው ነበር። የእኛም መኪና የትምህርት ቤት መጽሐፍና የሱቅ ትእዛዝ ቢይዝ ባዶው ወንበር የሚያደርሰው ኪሳራ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ እሱን በብር መተመን አንችልም። የጤና ባለሙያዎች እናት የምትሞትባቸውን ምክንያቶች ሲመድቡ ሦስት መዘግየቶች ይላሉ፦ እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። መካከለኛው የእኛ ርዕስ ነው። አምቡላንስ ሲደወልለት ሌላ ቀበሌ ሄዶ ከሆነ፣ ወይም ነዳጅ ከሌለው፣ ባልየው የጭነት መኪና ሲለምን ይነጋል። የለመነው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብር ነው። ሁላችንም የምናውቃት አባላችን ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለ ሌሊት ልጇን አጥታለች፤ እሷ ከእኛ ጋር አለች፣ እግዚአብሔር ያቆይልን። ለዚህ የምናቀርበው የውሉ አካል የሆነ አንድ አንቀጽ ነው። በሌሊት የተጠራ የውል መኪና ብር ሳይጠይቅ ይንቀሳቀስ፣ ሒሳቡን በማግስቱ ከማህበሩ ይቀበል፣ ቤተሰቡ ለማህበሩ በብድር መልክ ቀስ ብሎ ይመልስ። የድንገተኛ ጊዜ ብድር በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አለ፤ አዲስ የሚሆነው ክፍያው ለመኪናው በቀጥታ መሄዱ ብቻ ነው። መንገዱ በገና ዝናብ በሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች ያላችሁ ደግሞ መኪናም አይጠብቃችሁም፤ ወሩ ሲገባ ቀድማችሁ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ግቡ። ቤቱንና ልጆቹን ማን ይይዛል የሚለውን በየቡድናችሁ ተነጋገሩበት፣ እዚያ ላይ ብር አያስፈልግም።

ከመንግሥት ቢሮ የምንጠይቀው ሦስት ነው፤ ሰዓት ጠብቆ የሚወጣው መኪና ተራ ሳይጠብቅ እንዲወጣ ስምሪት እንዲፈቅድ፣ መናኸሪያው ጥላና የሴቶች መጸዳጃ እንዲኖረው፣ የጥገናው ወር እንዲቀየር። የመጀመሪያው ካልተፈቀደ ውሉ አይሠራም፣ ምክንያቱም ተራ አስከባሪው አያስወጣንም። ከዚህ በፊት ለአንድ ቢሮ ያስገባነው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስምንት ወር ቆይቷል። በአሁኑ ግን ደብዳቤ ብቻ ይዘን አንሄድም፤ ከባለንብረቶቹ ማህበር ጋር አብረን እንሄዳለን፣ ምክንያቱም የእነሱም ጥቅም አለበት።

አሁን በጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። በመጀመሪያው ላይ ከየት ወደ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ጄሪካን ወይም ስንት ከረጢት ይዛችሁ እንደምትጓዙ ታስመዘግባላችሁ። መጻፍ ለማትችሉ ወጣቶቹ ይጽፉላችኋል። ለሙከራው የሚመረጠው መስመር ብዙ ስም ያለበት ይሆናል፤ የሊቀመንበሯ መንደር ስለሆነ አይመረጥም፣ ሊቀመንበሯም ይህን እንድንናገር ፈቅደውልናል። ሁለተኛው ወረቀት የድምፅ መስጫ ነው። ውሉን የምትደግፉ፣ የማትደግፉ፣ መኪና ይገዛ የምትሉም ቦታ አላችሁ። ድምፁ ከሻይ በኋላ በሁላችሁም ፊት ይቆጠራል።